ከጋራዡ አፈር የወጣ ሰማያዊ

ናዚፋ ባክቴሪያ የምታራባበትን የብርጭቆ ሳህን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። እንዳይወድቅባት ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ምነው፣ ይህም ሞተብሽ?» አሏት አጎቷ ሙዓዝ፣ የላቦራቶሪው በር ላይ እንደቆሙ።

ሙዓዝ ቡሬ ከተማ ጋራዥ አላቸው። ናዚፋ ባክቴሪያዎቿን ያገኘችው የተቃጠለ ዘይት ሲፈስበት ከኖረው የግቢያቸው አፈር ነው። ዛሬ የመጡት ግን ይዘዋት እንዲመለሱ እናቷ ሳቢራ ልካቸው ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ባክቴሪያዎቹ እያለቁባት፣ የዩኒቨርሲቲ አማካሪዋም ለመመረቂያ ጥናቷ «ሌላ ርዕስ ፈልጊ» ካላት ወዲህ ሳቢራ «ልጄ በከንቱ ከሳች፤ ጅጋ ትመለስና ሱቁን ትያዝ» ማለት አብዝታለች።

«እስኪ ይጠጉ አጎቴ። ምን ይታይዎታል?»

ሙዓዝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አጎነበሱ። ከነጫጮቹ ነጠብጣቦች መሃል አንዷ እንደ ተልባ አበባ ሰማያዊ ሆናለች።

«ቀለም ጨመርሽበት?»

«አልጨመርሁም። ክዳኑ ላይ ያኖርሁት የኬሚካል ቅመም ነጭ ነው፤ እንፋሎቱ ባክቴሪያዎቹ ላይ ይደርሳል። ባክቴሪያዋ ኢንዛይም የሚሉት ነገር አላት፤ እሱ ኦክሲጅን ወስዶ ቅመሙ ላይ ይለጥፋል። ከዚያ አየር ሲያገኘው ሰማያዊ ይሆናል።»

«የእኔን ብረት ዝገት ያስበላው ኦክሲጅን አይደለም እንዴ?»

ናዚፋ ሳቀች። «ዝገት ያገኘውን ሁሉ ይበላል። እኛም በአሲድ ስንሠራ የፈለግነውንም ያልፈለግነውንም ያቃጥልብናል። ይህች ግን እንደ ጎበዝ አራሚ ናት፤ ጤፉን አትነካም። አንዲት ቦታ መርጣ ኦክሲጅኑን እዚያችው ላይ ብቻ ታሳርፋለች። መድኃኒት ቀማሚዎች የሚመኙት ይህንኑ ነው።»

ወዲያው ሳቋ ጠፋ። ጎን ለጎን ያኖረችው፣ በጨርቅ የተሸፈነው ሁለተኛው ሳህን ገና አልታየም። በዚያኛው ያሉትን ባክቴሪያዎች አፍልታ ገድላቸዋለች፤ ቅመሙ ግን ያው ነው። ያም ሰማያዊ ከሆነ ቀለሙ የመጣው ከባክቴሪያዋ አይደለም ማለት ነው፤ ልፋቷንም ውሃ በላው።

ጨርቁን ገለጠች። ሳህኑ እንደ ነበረ ነው፤ ቀለም የሚባል አልነካውም።

«ቀለሙ ከባክቴሪያዋ ነው!» ብላ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለች። ሙዓዝ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ሳቢራ፣ ልጅሽን ይዣት አልመጣም።»

«ምነው! ምን ሆነችብኝ?»

«ደህና ናት። ኧረ ከደህናም ደህና!»

«አጎቴ፣» አለች ናዚፋ በሹክሹክታ፣ «ሌላም አለ።»

ሙዓዝ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ጎንበስ አሉ። የመጀመሪያው ሳህን ጠርዝ ላይ አንዲት ነጭ ነጠብጣብ ከመሃሏ ሰማያዊ መሆን ጀምራለች።