የስውራኑ አዋጅ

ከእርሱ የሚሰወር በሌለ አምላክ በሚታወቅ ዘመን፣ ከአንድ መንደር የውኃ ጕድጓድ ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ እንደ ዓሣ በውኃ የሚተነፍሱ ሰዎች ተሰውረው ይኖሩ ነበር። ሹማቸው ማለዳ ማለዳ መለከት እያስነፋ፣ «ከበላያችን ያሉት እንዳይሰሙን፣ ድምፅ ያሰማ ወደ ደረቅ ምድር ይጣል!» ብሎ ያውጃል።

አንዲት እናት ሕፃኗ ስላለቀሰ ተከሰሰች። «ጌታዬ፣ ጥርስ እያበቀለ ነው» ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። ሹሙ ግን ዓይኑን ሳያሽ፣ ዋሻው እስኪናጋ መለከት አስነፍቶ፣ «እናትም ልጅም ይጣሉ!» ሲል ጮኸ።

ያን ጊዜ ከላይ ውኃ የምትቀዳ ሴት ወደ ጕድጓዱ አጎንብሳ፣ «ኧረ ጌታዬ፣ ስለ እግዚአብሔር ይማሯቸው!» አለች። «እኛ እስከ ዛሬ የሰማነው እርስዎን ብቻ ነው።»

እግዚአብሔር የአንባቢን ቤት የሕፃን ድምፅ አያሳጣው፤ አሜን።