የጓዳው ትንፋሽ

ልብስ ሰፊዋ ልጇ የምትዳርበትን ቀሚስ በገዛ እጇ ሰፋች። እንግዳ ፊት መታየት ግን ለቀሚሱ እንጂ ለእሷ አልተፈቀደም።

ፊቷ ነዋ! ከግንባሯ እስከ አገጯ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ ዕብጠት አንድ ዓይኗን ከድኖታል። አይጋባም፣ አይድንም። ሐኪሙ «ከሚሊዮን አንድ ሰው ነው የሚይዘው» ብሏት ነበር፤ ሎተሪ የወጣላት ይመስል!

ለሙሽራው «እናቷ ሩቅ አገር ናት» ተብሎ ተነግሮታል። ሙሽራው እጁ ሥራ የማይፈታ ልጅ ነው። ትናንት ወንበር ሲያመላልስ ዋለ፤ ከጓዳው የሚያስወጣውን፣ ሲጢጥ የሚለውን የጓሮ በር እንኳ ዘይት ቀብቶ ሄደ። ዛሬ ቤተሰቡን ሊያስተዋውቅ ነው፤ አባቱ መንገድ ላይ ስለሆኑ አጎቱ ይተኳቸዋል።

እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ ልጅቷ እናቷን ጓዳ አስገባቻት።

«እማዬ፣ ድምፅሽ እንዳይሰማ። እንዳታስነጥሺ።»

«ብሞትስ?»

«ቀስ ብለሽ ሙቺ!»

የጓዳው መስኮት በፍራሽ ክምር ስለተደፈነ ዓይን ቢወጉ አይታይም። እናት መቀሷን ይዛ ከክምሩ ጀርባ ተቀመጠች። ባለፈው ሳምንት ፊታቸውን የተሸፋፈኑ ሁለት ሌቦች የጎረቤትን ቴሌቪዥን በጠራራ ፀሐይ ተሸክመው ሄደዋላ!

ሳሎኑ በሳቅ ሲደምቅ የጓሮው በር ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ። በፎጣ የተከናነበ ሰው ገባ። ከውጭ አንድ እጅ በሩን መልሶ ዘጋው።

ሁለት ናቸው!

እናት መቀሷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ብትጮህ እንግዳው ሁሉ ግር ብሎ ይመጣል፤ ፊቷን ያያል፤ የልጇ ትዳር አፈር ይበላል። ባትጮህ ደግሞ ይገድላታል።

ሰውየው ምንም ሲነካ አልተሰማም። ኮቴው ሳሎኑን ወደሚያዋስነው ግድግዳ ሄዶ ቆመ፤ ጆሮውን ለጥፎ የሚያዳምጥ ይመስላል። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ማነህ?» አለች በሹክሹክታ።

ሰውየው ዘለለ። «በፈጠረዎት፣ አይጩሁ!»

አንቱ የሚል ሌባ! ይሄስ የባሰ ነው።

«ንቅንቅ ብትል በመቀስ ነው የምበሳህ!»

ወደ ኋላ ሲሸሽ የድስቱን መደርደሪያ ገጨው። ድስት፣ ክዳን፣ ባልዲ ሁሉ ወለሉ ላይ ተንኮታኮተ። ከሳሎን የሩጫ ኮቴ ተሰማ፤ በሩ ተበረገደ።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ።

«አባዬ!» አለ ሙሽራው ከኋላዋ።

ፎጣው ወድቋል፤ ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ቢሸፍንም፣ የወይን ዘለላው ከጣቶቹ መሐል አምልጦ ተንጠልጥሏል።