የተቦረቦረው ብረት

አባዬ ሁለቱን የዒላማ ብረቶች ከፒካፑ አውርዶ አሸዋው ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸውና ኢዮሲያስን «ምረጥ» አለው። 

አንደኛው ልሙጥ ነው፣ ቀለሙም ገና አልተላጠም። ሁለተኛው ፈንጣጣ እንዳለፈበት ፊት የተቦረቦረ ነው። ኢዮሲያስ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳበሳቸው። ጋርዴና ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ሱፐርቫይዘር ስለሆነ ዕቃ የሚያውቅ ይመስለዋል። «ይሄኛው ይሻላል ጋሼ፣ የተፈተነ ነው» ብሎ የተቦረቦረውን አነሳ።

ልናገር ስል አባዬ አየኝ። እኛ ቤት ያደገ ያንን አስተያየት ያውቀዋል፤ እንግዳ ፊት ደግመን ዳቦ ስናነሳ የሚያየን አስተያየት ነው። ዝም አልኩ።

ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ከፓልምዴል ወዲያ ወዳለው ወደዚህ በረሃ ይዞኝ እየመጣ ያስተማረኝ ራሱ ነው። የተቦረቦረ ብረት ጥይቱን ሰባብሮ መልሶ ይተፋዋል። ልሙጡም ቢሆን ራቅ ተደርጎ ይሰቀላል፣ ፍንጣሪው ወደ አፈር እንዲወርድ ፊቱ ወደ መሬት ዘንበል ይላል። ይህን መስማት እንኳን እኔን፣ ጎረቤቶቻችንንም ሰልችቷቸዋል።

ባለፈው እሁድ ኢዮሲያስ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ጋሼ መኩሪያና ሁለት የቸርች አባቶች ሳሎናችን ተቀምጠው ልጁ የተባረከ ነው፣ መዝሙር ይመራል፣ ለእኔ ለቤተል ነፍሱን እንኳ ይሰጣል አሉ። አባዬ እንደ ደንቡ ተመካክረን እናሳውቃችኋለን ብሎ ሸኛቸው። በሩን ዘግቶ ሲያበቃ ግን «ነፍሱን?» አለና ሳቀ። የታክሲ ሥራውን ኡበር በልቶበት ሚራክል ማይል ሰፈር የታጠቀ ጥበቃ ከሆነ ወዲህ አፈ ቅቤ ሰው አይወድም። በማግስቱ ለኢዮሲያስ ደውሎ ቅዳሜ ዒላማ ተኩስ አብረን እንሂድ አለው። ኢዮሲያስ በደስታ ሊሞት። እሺ ማለቱ እኮ ነው ቤቢ፣ አለኝ።

የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ ላይማ ነገሩ ያለቀ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘቢደር ለሰርጌ ልብስ አሰፍተዋል። እኔም ኢዮሲያስን እወደዋለሁ፤ የአባቴንም ምርቃት እፈልግ ነበር። ሁለቱንም ይዤ መመለስ ነበር ሐሳቤ።

ኢዮሲያስ ብረቱን በሰንሰለት ሰቀለና እንዳይወዛወዝ ብሎ ከኋላው ድንጋይ ደገፈበት። ቀጥ አለለት። በስንት ርቀት ላድርገው ብሎ ቢጠይቅ አባዬ እንደመሰለህ አለው። ለመምታት እንዲቀል ብሎ ከሳሎናችን ርዝመት ብዙ ሳያርቀው ተወው። ከጎኑ ትንንሾቹን ዒላማዎች፣ ሲመታ የሚሽከረከረውንና ወድቆ ራሱ የሚነሳውን፣ እንደ ሱቅ አሳምሮ ደረደረ። ላቡን ጠርጎ ሰልፊ አነሳን።

«ጎሽ» አለው አባዬ። 

መነጽራችሁን አድርጉ ብሎ እኔንና ኢዮሲያስን መኪናው አጠገብ፣ ከብረቱ ፊት ለፊት አቆመን። ራሱ ወደ ጎን ፈንጠር አለና ሽጉጡን አወጣ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩን ያስቆመዋል ብዬ ነበር። ልጁ ነኝ አይደል?

የመጀመሪያውን ሲተኩስ ብረቱ ጮኸ፣ ምንም አልሆነም። በሁለተኛው አንድ ነገር መጥቶ አጠገባችን የመኪናውን በር ጧ አደረገው። ኢዮሲያስ ሁለት ትከሻዬን ጨምድዶ ከኋላዬ ገባ። ወደ መሬት አልጎተተኝም፣ ወደ ጎን አልገፋኝም። ከፊቱ አቆመኝ። ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል።

አባዬ ዞር ብሎ አየን። ትከሻዬ ላይ ያሉትን እጆች አየ፣ ከጆሮዬ ጀርባ ብቅ ያለውን ግንባር አየ። ከዚያ ፊቱን መልሶ ሦስተኛውን ተኮሰ።

ጉንጬን ንብ የነደፈኝ መሰለኝ። ዳበስ ሳደርገው ደም ነው።

አባዬ ሽጉጡን ፒካፑ ላይ አስቀምጦ መሀረብ ይዞ መጣ። መሀረብ ይዞ የማያውቅ ሰው፣ አዲስ መሀረብ ከኪሱ አወጣ። ጉንጬን ቀስ አድርጎ ይጠርግልኝ ጀመር።

«አየሽው አይደል?» አለኝ። «እኔ ብነግርሽ አታምኚኝም ነበር።»

ኢዮሲያስ ይለፈልፋል። ደንግጬ ነው፣ ሪፍሌክስ ነው፣ በጌታ ስም አውቄ አይደለም ይላል። እውነቱን ነው፣ አውቆ አይደለም። አውቆ ያደረገው አባቴ ነው።

መሀረቡን ከእጁ ተቀብዬ ጉንጬ ላይ ያዝኩና ሄጄ ሽጉጡን አነሳሁ። አፈሙዙን ወደ መሬት፣ ጣቴን ከምላጩ ራቅ አድርጌ። ጥይት እንዳለበት ሦስታችንም እናውቃለን።

«ብረቱ ዘንበል አላለም» አልኩ። «ሁለታችሁም ሂዱና አስተካክሉት።»

አባዬ «ቤተል» አለ። ስሜን ብቻ።

«ሂዱ እንጂ።»

ሄዱ። ኢዮሲያስ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ይራመዳል። አባዬ አሁንም አሁንም ዞር ይላል፤ የሚያየው ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው። ልተኩስ አላሰብኩም። እነሱ ግን ይህን አያውቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

ደርሰው ብረቱን ግራና ቀኝ ያዙት። ወደ እኔ እያዩ ሲያዘነብሉት ሰንሰለቱ እየተንሿሿ ድምፁ እኔ ድረስ ይመጣል። ደስ አለኝ፤ ከሰርጌ ቀን ጠብቄው የነበረውን ያህል ደስ አለኝ።

አባዬ «ይበቃል?» ብሎ ጮኸ።

«ገና ነው» አልኩት።