ከይመር ጋር የተቀበረው

ኦፓል የሚቆፍሩበት ዋሻ ተደርምሶ አፉ ድፍን ሲል የሰውየው ሐሞት ፈሰሰ። የባሰው ደግሞ አብሮት የተቀበረው ይመር መሆኑ ነበር፤ ያ የጀመረውን የማይጨርስ፣ ዶማውን የትም ጥሎ የሚረሳ፣ ከ«አሁን» እና ከ«ኋላ» በቀር ሌላ ሰዓት የማያውቅ ቀልበ ቢስ።

«ይመር፣ ምን ያህል ቆየን? አለቀልን እኮ!»

«አሁን አይደል እንዴ የገባነው! ይልቅ ያቺ የአጎቴ በቅሎ...» ብሎ ጀመረ። የበቅሎዋን ሳይጨርስ ወደ ሠርግ ዞረ፤ ከሠርጉ ወደ ጅብ። ከድንጋዩ የሚንጠባጠበውን ውሃ እየተፈራረቁ ላሱ። ሆዱ ሲጮህ ይመር፣ «ምሳ ሰዓት ደረሰ ማለት ነው» አለው። እንቅልፍ ጥሎት በድንጋጤ ሲባንንም ወሬው አላለቀም። ይመር ሲዋሽ ድምፁ እንደሚቀጥን ያውቃል፤ አልቀጠነም። ስለዚህ አመነው።

በመጨረሻ ድንጋዩ ተነሳና ብርሃን ገባ። እየዳኸ ወጥቶ ቀና ሲል ሚስቱን አያት። ከቤት ሲወጣ በአረንጓዴ ቀሚስ ነበር የሸኘችው። አሁን ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ ቆማለች። ከኋላዋ የሰልስት ድንኳን ተተክሏል።

ይመር ዓይኑን በእጁ እየጋረደ ከኋላው ብቅ አለ።

«ምነው? ማን ሞተብን?»