ቀለሙን ያልጠጣው ጉበት

ባሻረት የላሆር አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጉበቱ አልቋል፤ ከሥጋ ዘመድ ቁራጭ ካልተሰጠው ለሚመጣው ዒድ አይደርስም ተብሏል። በዕድሜም በደምም የሚስማማው አንድ ልጁ ናዲም ብቻ ነው።

ናዲም ኤም አር አይ ተነሳ። ማሽኑ ውስጥ እንዳለ በክንዱ ቀለም ሰጡት። ጤነኛ ጉበት ቀለሙን ጠጥቶ በፎቶው ላይ ነጭ ይሆናል፤ የደከመው እንደጠቆረ ይቀራል።

በማግስቱ ዶክተር ፋርሃት ቤተሰቡን በአባትየው አልጋ ዙሪያ ሰበሰቡ።

«የልጁ ጉበት ቀለሙን በደንብ አልጠጣም። መስጠት አይችልም» አሉና፣ ናዲምን ቀና ብለው ሳያዩ ወጡ።

የባሻረት ታላቅ እህት ሱግራ ብድግ አለች። በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የሰነበተ ሁሉ የሚያውቀውን ታውቃለች፤ ሐኪሞቹ ለጋሹን ለብቻው ያነጋግሩታል፤ ፈርቻለሁ ካለ «አይሆንም» ብለው ይሸፍኑለታል።

«አንተ! ምን ብለህ ለመንካቸው?»

«ወላሂ አክስቴ፣ ምንም አላልኩም!»

«ወላሂ ይላል ደግሞ! በሬ አክለህ ጉበቴ ደከመ ትላለህ? የሰርግህ ለት አንድ ድስት ሥጋ ብቻህን ስትጨርስ አልደከመም!»

ናዲም ቱግ አለ። «በቃ! ኢስላማባድ ሄጄ እንደገና እነሳለሁ። የዚያኛው ማሽን ይፍረድ!»

ይህን ሲሰማ ባሻረት ከትራሱ ቀና አለ። ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ነው።

«የትም አትሄድም! ደግሞ እዚያ ሄደህ ልታዋርደኝ ነው?»

«አባዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል! የፈሪ ሥጋ በሆዴ ውስጥ አላስገባም! ቢሰጡኝም አልቀበልም! እርጉዝ ሚስት አለችህ አይደል? ሂድና ቀሚሷ ሥር ተደበቅ!»

«አባዬ፣ እንዲህ አትበለኝ።»

«ውጣ አልኩህ! ዳግመኛ እዚህ እግርህን እንዳላይ!»

የውሃውን ብርጭቆ ወረወረበት። ውሃው የናዲምን ደረት አራሰው። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠና በሩን በኃይል ደርግሞ ወጣ። ሱግራም «የእጅህን ይስጥህ!» እያለች እስከ ደረጃው ድረስ ተከተለችው።

ዶክተር ፋርሃት ተመልሰው ገቡ፤ በሩንም ቀስ ብለው ዘጉ።

«ሄደ?»

«ሄደ። አይመለስም» አለ ባሻረት እያለከለከ። «አሁን ይንገሩኝ።»

«እንደለመኑኝ ዋሽቻለሁ፤ የልጅዎ ጉበት ግን እንደ ወተት ነጭ ነው።»