የአዳራሹ እንግዶች

መምህርቷ የውሳኔውን ወረቀት አጥፋ በመዳፏ ጨብጣ ወደ አዳራሹ ስትገባ፣ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። አራት ወር ሙሉ በየቀኑ ስትገባ ስትወጣ ለምደዋታል፤ እንደ ቤት ሰው ናት።

ጎርፉ የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ ሲወስድ ከከተማው ሁሉ ቀድሞ በሩን የከፈተው ይህ የጸሎት ቤት ነው። ያን ዕለት ከምእመናኑ ጋር ወንበሮቹን ተሸክማ ወደ ግቢ ያወጣች፣ ብርድ ልብስ ከየቤቱ የለመነች፣ አዳራሹን በአንሶላ ከፋፍላ አስራ አንድ ቤተሰብ ያስጠለለች መምህርቷ ናት። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች መጥተው አመሰገኑ፤ «ቤታቸው እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሱን» አሉ። በሁለተኛው ወር ሲጠየቁ ደግሞ «የእምነት ተቋማት እኮ ቀኝ እጃችን ናችሁ» ብለው የምስጋና ወረቀት ሰጡ። ከወረቀቱ ሌላ የመጣ ነገር የለም።

እስከዚያው ምእመናኑ ግቢ ውስጥ፣ በላስቲክ ሥር፣ ዝናብ እያንጠባጠበባቸው ጸለዩ። አዛውንቶቹን ሳል ያዛቸው። አንዳንዱ ቀረ፣ አንዳንዱ ሌላ ጋ ሄደ። ትናንት ከጸሎት በኋላ የጸሎት ቤቱ ሰብሳቢ፣ «አዳራሻችን ይመለስልን የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለ። አብዛኛው እጅ ወጣ። ለቤተሰቦቹ ውሳኔውን ማን ይንገራቸው ሲባል ሁሉም ድንገት ጉዳይ ነበረበት። እሷ ላይ ወደቀ።

እንዴት እንደምትነግራቸው አስባበታለች። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ለየብቻው፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ በቀስታ።

«መምህር፣ ይቀመጡ እንጂ!» ልብስ ሰፊዋ ከፍራሹ ጫፍ ላይ የተቆራረጠ ጨርቅ ጠራረገችላት። «ይቺን ጠርዝ ልጨርስና ሻይ አፈላለሁ።»

«ሻዩ ይቅር። ሥራሽን ትንሽ አቁሚልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። የመምህርቷን ፊት ትክ ብላ አየችው። «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቅዳሜ አዳራሹን ትለቃላችሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ዛሬ ጠዋት ሲነገረው፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ድንኳን ሊተክልላችሁ ተስማምቷል።»

«እዚያ ውሃ አለ?»

«በመኪና ይመጣል ብለዋል።»

«ብለዋል» አለች ልብስ ሰፊዋ። ወደ አንሶላው፣ አባቷ ወደተኛበት ዞር አለች። «አባቴን ድንኳን ውስጥ? ሳንባውን ያውቁታል እኮ። ሁለቴ ሐኪም ቤት ያደረሱት እርስዎ ነዎት።»

«አውቃለሁ።»

«ደንበኞቼስ? ከጡብ ፋብሪካ ጀርባ ማን ሱሪ ሊያሳጥር ይመጣል፣ ቁራ?» ልትስቅ ሞከረች። ቀጥላ «ድምፅ ሰጥታችሁ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«እርስዎስ?»

መምህርቷ ይህን አልጠበቀችም። ትናንት የራሷ እጅ ከጭኗ ላይ ሲነሳ እንደ ሌላ ሰው እጅ ነበር ያየችው። ምክንያት አላጣችም፤ ጸሎት ቤቱ ሰው እያጣ ነው፣ አዛውንቶቹ ታመዋል፣ ማዘጋጃ ቤቱም እኛ እስካስጠለልን አይነቃነቅም። ይህን ሁሉ ልትደረድርላት ትችል ነበር።

«አወጣሁ» አለች። «ደከመኝ፣ ልጄ። አራት ወር አንድ ቀን እንኳ ልቤ አርፎ አልጸለይኩም።»

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ የጀመረችውን ልብስ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ማን ነው? መምህርቷ ናት?» አለ አባቷ ከአንሶላው ወዲያ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፤ ጆሮውን ሞተሩ በልቶታል። «ምን አለችሽ?»

«ለእሱ እርስዎ ይንገሩት» አለች ልጁ ቀና ሳትል። «እኔ አልችልም።»

መምህርቷ አንሶላውን ገልጣ ገባች፤ በሽማግሌው ጆሮ ላይ ጎንበስ አለች። «አባባ፣ ቅዳሜ…»

«አልሰማሁም። ጮክ በይ፣ የኔ ልጅ! እዚህ ቤት ሰው ሁሉ ሲያንሾካሹክ ነው የሚውለው።»

ትንሽ ከፍ አደረገች። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ያኔ የክፍል ድምፅዋን፣ ከኋላ ወንበር ለተቀመጡት የምታሰማበትን፣ አወጣች።

«ቅዳሜ ከዚህ ትወጣላችሁ!»

ራዲዮ ተዘጋ። ከወዲያ ጥግ ልጇን ትቆጣ የነበረች ሴት አፏ ላይ ያለውን ሳትጨርስ ተወችው።

ሽማግሌው አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ ፊቱ ፈካ።

«ቤታችን ተሠርቶ አለቀ በይኛ!» የመምህርቷን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ልጁ ተጣራ። «አንቺ ልጅ፣ አላልኩሽም? እነዚህ ሰዎች አይጥሉንም አላልኩሽም?»

መምህርቷ ልትናገር ከንፈሯን አላቀቀች።

ሽማግሌው በክርኑ ተደግፎ እንደምንም ቀና አለ፤ እጆቹን ከራሷ በላይ ዘርግቶ ይመርቃት ጀመር። «በራችሁን እንደከፈታችሁልን ፈጣሪ በሩን ይክፈትላችሁ። እንዳሳረፋችሁን ያሳርፋችሁ። መጠጊያ አያሳጣችሁ።»

አሜን የሚል ጠፋ። መምህርቷ ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

ሽማግሌው ጥቂት ጠበቀ። ምናልባት አሜኑን እኔ ሳልሰማ ቀርቼ ይሆናል ብሎ፣ የሚሻለውን ጆሮውን ወደ አዳራሹ አዘነበለ።