ውሃ ቀማሿ

አቃሉክ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተንበርክኮ ጠመንጃውን ደገነና የሚስቱን ቃል ጠበቀ። ተራራ ከሚያክለው በረዶ አጠገብ አቆስጣ የሚሉት ሥጋው የሚበላ የባሕር እንስሳ ጺማም ራሱን ከባሕሩ ብቅ አድርጎ ያያቸዋል። በረዶው ከሥሩ ሲቀልጥ ጨው የሌለው ውሃ ቀላል ነውና ግድግዳውን ታክኮ ሽቅብ ይወጣል፤ በጨዋማው ባሕር ላይም ይንጣለላል። ቀላሉ ውሃ አያንሳፍፍምና እዚያ ላይ የተመታ አቆስጣ ጀልባ ሳይደርስለት እንደ ድንጋይ ይሰምጣል። ስለዚህ ከመተኮስ በፊት ውሃው ይቀመሳል፤ ቀማሿም ሚስቱ ፒፓሉክ ናት።

ጣቷን ነክራ ላሰች። ዓይኗ ግን አፈሙዙ ላይ ነበር።

«ተወው አንተ ሽማግሌ፣ ጨው የሚባል የለውም። ይሰምጥብሃል።»

«ነገ የልጅ ልጃችን ልደት እኮ ነው! ለእንግዳው ምን ልናቀርብ ነው?»

«ዓሣ ይብላ! ደግሞ ዛሬ ምላሴን ተጠራጠርከው?»

እያጉረመረመ ጠመንጃውን አወረደ። አቆስጣውም ጠልቆ ሄደ። እሷ ሞተሩን ልታስነሳ ዞር ስትል እሱም እጁን ነክሮ ጣቱን ላሰ። ውሃው ድፍን ጨው ነበር! ሊጮህባት አፉን ከፈተ። ጣቱ ግን ከንፈሩ ላይ አላርፍ ብሎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቃታው ላይ የነበረውን ያን ጣቱን አየው፤ ጓንቱ ውስጥ ከተተው።

«እውነትሽን ነው» አላት፤ «ጨው የሚባል የለውም።»